የላይኛው ክፍል ሙቀትና የመስኮቱ ነገር

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን መነጽር ታደርጊዋለሽ ወይስ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው? ባልሽስ፣ ልጅሽስ፣ የስፌት መኪናሽስ እንዴት ናችሁ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። እኔም ደህና ነኝ፤ ደሜ ከፍ የሚለው ሥራ ቦታ ስገባ ብቻ ነው። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቀን ግን አልጻፍሽበትም፤ ይህን ሃምሳ ጊዜ ነግሬሻለሁ።

የዛሬውን ጉዳይ በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልክ ላይ «ሁሉ ደህና ነው» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። አምና በሙቀቱ ወራት አንድ ወር ልትቀመጪ መጥተሽ፣ በስምንተኛው ቀን «የሙሽራ ልብስ ጀምሬ ትቼ ነው የመጣሁት» ብለሽ ሄድሽ። እኔም አመንኩሽ። በማግስቱ ባለቤቴ አልጋሽን ስታነሳ ከፍራሹ ሥር ታጥፎ የተደበቀ፣ ገና ያልደረቀ ፎጣ አገኘች። ለካ ፎጣ እያራስሽ ደረትሽ ላይ አድርገሽ ነበር የምትተኚው። በጣም ተናደድኩብሽ። ባለቤቴ «ብትነግርህ ከአከራዩ ጋር ትጣላ ነበር ብላ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እጣላ ነበር።

ዘንድሮ ሙቀቱ ሲጀምር፣ አንድ እሁድ ምሳ በልቼ ቴርሞሜትር ይዤ አንቺ ወደተኛሽበት ላይኛው ክፍል ወጣሁና አልጋሽ ላይ ተጋደምኩ። ሠላሳ አራት ዲግሪ። ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ስስ፣ ፀሐይዋም ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ቀጥ ብላ ትገባለች። ሃያ ደቂቃ ሳልቆይ ሸሚዜ ገላዬ ላይ ተጣበቀ። አንቺ ስምንት ቀን ሙሉ ችለሽው፣ ጠዋት «እንቅልፍ እንዴት ነበር?» ስልሽ «ድብን ብዬ ተኛሁ» ትዪኝ ነበር።

አከራዩ ግድግዳው እንዳይበሳ ስለከለከለ፣ በጎማ የሚገፋውን፣ ሙቅ አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ማቀዝቀዣ ልገዛ ወሰንኩ። አንዱ ነጋዴ ውሃ የሚጨመርበትን ማራገቢያ «ያው ነው» ብሎ ሊያሸክመኝ ነበር። ያው አይደለም፤ ክፍሉን ያረጥበዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። ሌላው «ትልቁን ይውሰዱ» አለኝ። አስነሳው ስለው እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። አንቺ ደግሞ የቧንቧ ጠብታ የሚቀሰቅስሽ ሰው ነሽ።

በአራተኛው ሱቅ ትዕግሥተኛ ሻጭ አገኘሁ። የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ፣ የጣራውን ዓይነት ሳይቀር በወረቀት ይዤ ነበር። ሦስት ማቀዝቀዣዎች ተራ በተራ እንዲያስነሳልኝ አደረግኩ፣ የከፈተውን ዘፈን አስጠፋሁት፣ ወንበር አስመጥቼ አጠገባቸው ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ፍራሽ ላምጣልዎት?» አለኝ። መጨረሻ ላይ መካከለኛውን መረጥኩ። ክፍሉን የሚችል ጉልበት አለው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ በፈለግሽው ሰዓት ራሱን ያጠፋል።

ቤት አምጥቼ ልገጥመው ስል ጉድ ፈላ። ቱቦውን የሚይዘው ሰሌዳ የተሠራው ወደ ጎን ለሚንሸራተት መስኮት ነው። የእኛ መስኮት ደግሞ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ባለ ሁለት መዝጊያ ነው። ክፍት ከተተወ ያስወጣነው ሙቀት ተመልሶ ይገባል። ሰሌዳውን ተሸክሜ ሱቁ ሄድኩና በሰው ፊት አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩት። ሻጩ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ መስኮትዎ እንዴት ነው የሚከፈተው ብዬዎት ነበር። ‹አንተ የተጠየቅከውን ብቻ መልስ› አሉኝ» አለኝ።

ብዬዋለሁ። ቃል በቃል። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ሕንፃ ስቆጣጠር የኖርኩ፣ መስኮት ሳይለካ የመጣን መሐንዲስ መድረሻ የማሳጣ ሰው፣ ሰሌዳዬን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «ቀኑን መዝግበው፣ ሌላ ጊዜ አይገኝም» አለችኝ።

መላውን የነገረኝም ያው ሻጭ ነው። መስኮቱን የሚሸፍን ጨርቅ ተሰፍቶ መሐሉ ላይ ዚፕ ይገባለታል፣ ቱቦው በዚፑ በኩል ይወጣል። ባለቤቴ አምና ትተሽው ከሄድሽው የመጋረጃ ጨርቅ በእጇ ሰፋችው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሬን ይዤ እንደገና ተጋደምኩ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሃያ አምስት ዲግሪ ገባ። አንሶላ ስቤ ለበስኩ፤ ስነቃ ለእራት እየተጠራሁ ነበር።

እንግዲህ በሰኔ መግቢያ ነይ፣ ወሩንም ሙሉ ተቀመጪ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ እኔ ሞቀኝ፣ በረደኝ፣ ራበኝ ስል ሰምተሽኛል። አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳን እንዲህ ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅም። አሁን ከሞቀሽ ንገሪኝ፣ ከበረደሽም ንገሪኝ። ማንንም አልጣላም፤ ቢያንስ እሞክራለሁ።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ፤ የሬዲዮኑን ድምፅ ይቀንስ። ነርሷ ልጅሽን ሳሚልኝ፤ የደም ግፊቴን በስልክ መጠየቋን ትተው፣ መጥታ ትለካኝ። ስፌት የምታግዝሽን ጎረቤትሽንም ሰላም በያት፤ የሙሽራ ልብስ ከመጣ እሷ ትጨርሰው፣ ምክንያት አልቀበልም።

የመስኮቱ ጨርቅ በግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል ተጣሟል። አስፈትቼ ላስተካክለው ብዬ ነበር፤ ግን ተውኩት። ጠማማ ስፌት እያየሽ ዝም ብለሽ መተኛት እንደማትችዪ አውቃለሁ። መቀስሽን ይዘሽ ነይ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ፣
ከላይኛው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (ቀን እንዲህ ነው የሚጻፈው።)