ስልሳ ሊትር ባሕር

ሰኞ፣ 8 ሴፕ. ጠዋት
ታክሲው መጣ፣ ዘሃራ ሄደች። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ የኩላሊት እጥበት ነው። አራት ሰዓት ተኩል ከማሽን ጋር። ዕቃ አጠብኩ፣ አልጋ አነጠፍኩ፣ አንተን ከፈትኩ። ደብተሬ፣ በአማርኛ የምጽፍብህ ከረን ተማሪ ሳለሁ እጄ የለመደው እሱን ስለሆነ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ሚስቴ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም።

ስለዚህ በነፃነት ልናገር። ትናንትም አነሳሁባት። አንዱን ኩላሊቴን ውሰጂ አልኳት። ሐኪሙ «ዕድሜህ አያግድህም፣ ተመርመርና እንነጋገራለን» ካለኝ ዓመት ሞላው። እሷ እምቢ እንዳለች ናት። ልጅ የለን፣ ሁለታችንም ብንወድቅ ማን ያነሳናል ትላለች። ከዚያ ተነስታ ሻይ ታፈላለች። ለራሷ ሐኪሙ የፈቀደላትን ሩብ ብርጭቆ፣ ለእኔ ሙሉ። ወሬው በዚያው ያልቃል።

ረቡዕ፣ 10 ሴፕ. ከሰዓት
ዛሬ ታክሲውን አስቀርቼ ራሴ ላመጣት ሄድኩ። እጥበቱ አልቋል፣ አልጋዋ ባዶ ነው። ክው አልኩ። ነርሷ ሳቀችና ወደ መቆያው ክፍል ጠቆመችኝ። እዚያ አንድ የዓሣ ገንዳ አለ። ዘሃራ ኮቷን ለብሳ፣ መስታወቱን በጣቷ እየነካች በትግረ ቋንቋዋ ታወራለች። ትልቁን ዓሣ ትቆጣዋለች! ትንሹን አላስበላ ብሎት። ስታየኝ አፈረች።

የምጽዋ ልጅ ናት፤ አባቷ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬያት ስኖር ዓሣ ስትሰድብ ሰምቼ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ከእጥበት መጥታ ሶፋው ላይ ወድቃ ግድግዳ ነው የምታየው። ዛሬ ሰፈራችን ኡንተርሊደርባህ እስክንደርስ አውርታ አልጠገበችም።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

ቅዳሜ፣ 13 ሴፕ.
ወገቤ! ግን ገንዳው ቤት ገብቷል።

ያገኘችልኝ ብርቱካን ናት፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ኢትዮጵያዊት፣ አረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ። ኖርድኤንድ ሰፈር አንዲት አዛውንት ጀርመናዊት ወደ ልጃቸው ሊዛወሩ ነው፣ የባሕር ውሃ ገንዳቸውን በነፃ ለሚወደው ሰው ይሰጣሉ። በብርቱካን መኪና ሄድን። ሴትዮዋ ዝም ብለው አልሰጡኝም፤ ፈተኑኝ። ለማን ነው? ለሚስቴ። ስለ ባሕር ምን ታውቃለህ? ምንም፤ ዋናም አልችልም። ሳቁ። ከዚያ አስማሉኝ፦ ጌዱልድ፣ ትዕግሥት። ውሃው ለሕይወት እስኪስማማ ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም እንስሳ እንዳላስገባ።

ደረጃው ላይ ከብርቱካን ጋር ተጣላን። «ጋሽ ዑመር፣ እርስዎ በሩን ይያዙ። እኔ ሥራ ቦታ ከዚህ የሚከብድ ሰው ነው የማነሳው።» በር ያዝኩ።

ዘሃራ አየችው። ምንድን ነው? ባሕር ነው አልኳት። አብደሃል አለችኝ። ቦታውን ግን ራሷ መረጠች፣ ከሶፋዋ ፊት ለፊት። ቴሌቪዥኑ አሁን ወለል ላይ ነው።

እሑድ፣ 21 ሴፕ.
ማሞቂያ ገባ፣ ፓምፕ ገባ፣ መብራት በራ። ዛሬ ጨው።

በዚህ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ጨው የለም። እሷ ተከልክላለች፣ እኔም አብሬያት ትቻለሁ። ዛሬ አንድ ባልዲ ጨው ተሸክሜ ስገባ ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች። የሚበላ አይደለም አልኩ፣ እንደ ሌባ። ከሱቅ ባመጣሁት የተጣራ ውሃ በጠበጥኩት። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ታዝዘኛለች፦ ቀስ፣ አማስል፣ ድንጋዩን አዙረው፣ ዋሻ ይኑረው።

ድንጋዮቹ ከባሕር የመጡ ናቸው፣ ውስጣቸው ሕይወት አለ። ከሰዓት ከአንዱ ቀዳዳ እንደ ላባ ያለች ነገር ብቅ አለች። ዘሃራ እጇን አጨበጨበች። ስሟን በትግረ ነገረችኝ፤ በአማርኛ ምን ብዬ እንደምጽፈው ጠፋኝ።

ሐሙስ፣ 9 ኦክ.
መጥፎ ሳምንት። ትናንት እጥበት ላይ ደም ግፊቷ ወረደ። ቤት መጥታ እግሯን ቁርጥማት ያዛት። ገንዳው ፊት ተቀምጬ እግሯን አሸሁላት።

ገንዳውም ታሟል መሰለኝ። ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ መስታወቱ፣ ሁሉም ቡናማ ሆነ። ጠራርጌ ላጥበው ተነሳሁ። ተወው አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ። ባሕር የጀርመን ኩሽና አይደለም፣ ሲጀምር እንዲህ ነው። ተውኩት። ሁለት ሽማግሌዎች ቡናማ ድንጋይ ሲያዩ ዋሉ። ብርቱካን መጥታ አየችን፣ አልሳቀችም፤ አጠገባችን ተቀመጠች።

ማክሰኞ፣ 4 ኖቬ.
ስድስቱ ሳምንት አለፈ! ቡናማው ጠፍቷል፣ መለኪያው ጥሩ ነው ይላል። ሮደልሃይም ካለው ሱቅ አራት ቀንድ አውጣ፣ አንድ ለስላሳ ኮራልና አንድ ቀይ ሽሪምፕ ከነጭ ጢሙ አመጣሁ። ዓሣ ገና ነው። ዘሃራ ሽሪምፑን «ጎረቤት» አለችው፣ ሁሉ ነገር ውስጥ ስለሚገባ። እጇን ስትከት ጥፍሯን ያጸዳላታል። እንዲህ ስትስቅ መቼ ነበር የሰማሁት?

አመሻሽ ላይ፣ ልቧ ደስ ባላት ሰዓት፣ ኩላሊቱን አነሳሁ። ፊቷ ጠቆረ። ሞኝ ነኝ።

ሐሙስ፣ 20 ኖቬ.
ኮራሉ ሁለት ቀን ተጨብጦ ቀረ። ጎረቤት ከዋሻው አይወጣም። ምክንያቱ አልገባኝም፤ እንስሳቱ ከገቡ ወዲህ እንደ ሕፃን ነው የምንከባከባቸው። ዘሃራ ሳልይዛት ጣቷን ነክራ ላሰች። ጨው! ጮህኩባት። ዓይኗን ጨፍናለች።

«ይሄ የምጽዋ ውሃ ነው» አለች።

ደስ ሊለኝ ሲል ዓይኗን ገለጠች። «ዑመር፣ በጎደለው ላይ ምንድን ነው የምትጨምረው?»

የጨው ውሃ አልኩ። በፊት ንጹሕ ውሃ ነበር የምጨምረው፣ እንስሳት ከገቡ ግን ይሻላቸዋል ብዬ።

«ጨው ይበርራል እንዴ? የሚሄደው ውሃው ነው! ምጽዋ ጨው ሲደርቅ ፀሐይ ምኑን ወስዳ ምኑን ነው የምትተወው?»

ሠላሳ ዓመት ሄክስት ኬሚካል ፋብሪካ ሠርቻለሁ፣ ደብተሬ። ለማንም አታውራ። አሁን በየቀኑ ከገንዳው ውሃ ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ በንጹሕ ውሃ እተካለሁ። አንዴ ከሆነ ይሞታሉ።

ቅዳሜ፣ 22 ኖቬ. ጠዋት
ጎረቤት ሞተ። አሸዋው ላይ በጎኑ ወድቆ፣ እግሮቹ ተጣጥፈው፣ ገርጥቶ። ዘሃራ ተኝታለች። እንዴት እነግራታለሁ።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት
ልጽፈው ይገባል።

ሶፋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው። ዘሃራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በገዛ እጄ ገደልኩት አልኳት። ገንዳውን አየች። ወደ እኔ ዞረችና፣

«ለእሱ ነው እንዲህ የምታለቅሰው?»

«አይደለም» አልኩ። ከዚያ ሁሉም ወጣ። በየሰኞው ታክሲው ሲሄድ መስኮት ላይ እንደምቆም። አንድ ቀን ባዶውን ይመለሳል ብዬ እንደምፈራ። እኔን ለመጠበቅ ብላ እምቢ ስትል፣ ለእኔ የምታስቀምጥልኝ ይሄንኑ ባዶ ሶፋ ብቻ እንደሆነ። ዓመት ሙሉ ስለ ኩላሊት ነበር የማወራት፤ ይሄን ነግሬያት አላውቅም ነበር።

እጄን ያዘች። ከዚያ ተንበርክካ በስልኳ መብራት ዋሻውን አየች። «ና» አለች። ጎረቤት እዚያ ነው! ቀይ፣ ሙሉ፣ ጢሙ የረዘመ። የሞተው ቆዳው ነው። ሽሪምፕ ሲያድግ ልብሱን አውልቆ ይጥላል፣ ይሄን የምጽዋ ሕፃን ያውቀዋል አለችኝ።

ታውቂ ነበር? ገና ሳየው አለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?

«እንድትጨርስ ነዋ።»

ተናድጄ ወደ ኩሽና ገባሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰኞ፣ 24 ኖቬ.
ኮራሉ ተከፈተ። ውሃው ወደ ልኩ ተመልሷል።

እሱ አይደለም ወሬው። ዘሃራ ከእጥበት ስትመጣ ኮቷን ሳታወልቅ ሳሎን ቆመች። እጇ ላይ ወረቀት አለ።

«ቴርሚን አለን» አለች፣ ቀጠሮ።

«አለኝ» ያለች መሰለኝ። ምን ሆንሽ አልኳት። ቆጣ ብላ ደገመችው፦ አለን። ሐኪሙን ራሷ አናግራለች፣ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዋ። ማክሰኞ 9 ዴሴምበር፣ ጠዋት፣ የሁለታችንም ደም ይመረመራል። ቅድመ ሁኔታ አላት፦ ኩላሊት መስጠቱ አንተን ይጎዳሃል ካሉህ አትከራከርም፣ ወሬውም ያበቃል። ወላሂ በል። ወላሂ አልኩ። እሺ ካሉህ ደግሞ እኔ አልከራከርም አለችና ኮቷን ለማውለቅ ዞረች። አገዝኳት።

ወረቀቱ ላይ ሁለት የፊርማ ቦታ አለ። የእሷ ተሞልቷል። እስክሪብቶዬን ከአንተ ላነሳ ነው፣ ልፈርም።