መብራቱ ይጮኻል

ሰኞ

ዛሬም ጮኸ። አባባ ለአንኮበር ጉም ብሎ ለሚኒባሳችን አዲስ ኤልኢዲ የፊት መብራት ካስገጠመ ወዲህ፣ መብራቱ ሲበራ ሬዲዮው እዝዝዝ ይላል። ወሬው አይሰማም። አንዲት ገበያተኛ ከኋላ፣ «ሹፌር፣ ቀፎ ነው እንዴ የጫንከው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ መብራቱን አጠፋው። ጉም ውስጥ፣ ወደ ጎረቤላ ቁልቁል ስንወርድ። መንገድ ላይ የቆመች አህያ ያየነው አፍንጫችን ስር ስትደርስ ነው።

አልፈራሁም። ስንደርስ ግን ወንበሩን የጨበጡት ጣቶቼ አልዘረጋ አሉኝ።

ማክሰኞ

እማዬ ከሞተች ወዲህ አባባ ዝምታ አይችልም። ቤትም መኪናም ሬዲዮ ይከፍታል። እኔ ትምህርቴን ትቼ ረዳቱ ሆኛለሁ። በር እከፍታለሁ፤ «ጎረቤላ» እያልኩ ሰው እጠራለሁ። ድምፄ አይወጣም። አባባ ነው የሚደግምልኝ።

ዛሬ «ሬዲዮውን ብንዘጋውስ?» ልለው ነበር። ሳልለው ደረስን። መብራቱ እንደጠፋ።

ረቡዕ

ደብረ ብርሃን፣ ታደሰ የሚባለው የመኪና ኤሌክትሪሻን ጋ ሄድን። አባባ «መብራቱ ይጮኻል» አለው፣ በቃ። ታደሰ ጆሮውን መብራቱ ላይ ለጠፈ። አምፖሉ ከኋላው የሚያቀዘቅዘው ትንሽ ማራገቢያ አለው። ፈታው፣ አቧራውን አራገፈ፣ መልሶ ገጠመው። «አሁን ትንፍሽ አይልም» አለ። ሬዲዮውን ማንም አልከፈተም። እኔ አውቅ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

መንገድ ላይ ያው ሆነ። አባባም እንደ ልማዱ መብራቱን አጠፋው።

ሐሙስ

ተመልሰን ሄድን። ታደሰ ማራገቢያውን ሊፈታ ጎንበስ ሲል «እሱ አይደለም የሚጮኸው» አልኩ። ሁለቱም ዞሩ። «ሬዲዮው ነው። መብራቱ ሲበራ ብቻ።»

ታደሰ አባባን አየው። «አንተ ሰውዬ፣ አፍ ያላት ልጅህ ናት ለካ።»

ሬዲዮውን ከፍቶ መብራቶቹን በየተራ አበራ። የግራው ሲበራ ሬዲዮው ጮኸ። ሽቦውን ተከትሎ ሄደ። ለካ አባባ እንዳይንጠለጠል ብሎ ከሬዲዮው አንቴና ገመድ ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ አስሮታል። ታደሰ ለያያቸውና የመብራቱን ሽቦ በሌላ በኩል አዞረው።

ዓርብ

ጉሙ ዛሬ ባሰ። አባባ መብራቱንም ሬዲዮውንም ከፈተ። ጩኸቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ከወሬው ስር ቀጭን ሆኖ አለ። የአባባ እጅ ወደ መብራቱ ማጥፊያ ሄደ። ጠበቅኩ።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ወሬው ይሰማል» አልኩት።

እጁን ወደ መሪው መለሰ።

ጎረቤላ ስንደርስ ጣቶቼን አየኋቸው። ጉልበቴ ላይ ተዘርግተዋል። ወርጄ በሩን ከፈትኩና ለመልስ ጉዞው «ደብረ ብርሃን» ብዬ ተጣራሁ። ሰው ሰምቶኝ ይሁን አላውቅም። አባባ ግን አልደገመልኝም።