የግራ እጅ ጓንት

ለምወድሽ እናቴ፣ ከወረቀቱ ቀድሞ ናፍቆቴ ይድረስሽ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ልጅ ሳለሁ በግራዬ ስጎርስ እጄን መታ እያደረግሽ «ይሄ እጅ እንጀራ አያበላህም!» ትይኝ አልነበር? ይኸው በሰው አገር አበላኝ። ፋብሪካ ውስጥ ቆርቆሮ ቆራጭ ሆኛለሁ። ቆርቆሮው ወደ ማሽኑ የሚገፋው በግራ እጅ ስለሆነ፣ አለቃው ግራኝ መሆኔን ሲያይ «ከሰማይ ወረድክልን» ብሎ እዚያው ቀጠረኝ።

ጓንትም ሰጡኝ። የቀኙ አዲስ ነው። የግራው ግን ከእኔ በፊት ማሽኑ ላይ የነበረው ሰውዬ ትቶት የሄደው ነው፤ ሁለቱ የጓንቱ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ተሰፍተዋል። ስፌቱን ፈትቼ አጠለቅሁት፤ ልክክ አለኝ።

ጎረቤቱን ሁሉ ሳሚልኝ። ጠዋት ደጅ ቆመሽ «ልጄን ቀኝ አውልልኝ» ስትይ፣ ግራዬንም አደራ በይልኝ።

ልጅሽ ግራኙ