ለጠበል የተሰጠኝ ጀሪካን

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ጠዋት አክስቴ ከዓለም ባንክ ሰፈር መጥታ እማዬን ሆስፒታል ወሰደቻት። ለውፍረቷ ነገ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና ያሳንሱላታል። እኔን የሚያስፈራኝ እግሯ ነው። አምና ግራ እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ነበር። ሐኪሙም «ከቀዶ ጥገናው በኋላ በዚያው ቀን ተነስታ ካልተራመደች እንደገና ረግቶ ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችላል» ብሎናል።

እማዬ ለጎረቤት ጠበል ሄደች በይ ብላኛለች። «ለመክሳት ሆዷን ተቀደደች ብለው ይስቁብኛል።»

በየቀኑ እግሯን በፋሻ የምጠቀልለው እኔ ነኝ። ዛሬ የምጠቀልለው ስላልነበረ ፋሻውን አጥቤ ላሰጣ ወጣሁ። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ አዩኝ።

«እናትሽ የት ሄዳ ነው?»

«ጠበል» አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«እሰይ! ያ እግሯ ይሻላታል። ልትጠይቂያት ስትሄጂ ለኔም ቅጂልኝ፤ ጉልበቴ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛል» ብለው ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አመጡልኝ።

እትዬ አልማዝ ጸሎት ላይ ጎበዝ ናቸው። ነገን ብቻ ጸልዩላት ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጠበል ለሄደ ሰው ማን ይሰጋል? ጀሪካኑን ተቀብዬ ገባሁ።