ግራ እጅ ላላወቀ

መስከረም 28

ዛሬም ከሥራ በቀጥታ ወደ ኮሌጅ። ዩኒፎርሜን እንኳ አልቀየርኩም። ደረቴ ላይ የሆቴሉን ዓርማ እንደለጠፍኩ ገብቼ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ። ከኋላ ያ ቀልደኛ ልጅ «ማዘር፣ ባዶ ክፍል ይኖራል?» ብሎ ሁሉንም አሳቀብኝ። «ላንተ ዓይነቱ ሞልቷል» አልኩት። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች፣ እኔ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህር ልሆን እማራለሁ። ምን አለበት? ስንት ዓመት እንግዳ ተቀባይ ሆኜ በእንግሊዝኛ የተቆጣ ሰው አብርጃለሁ፣ በእንግሊዝኛ የጠፋ ሻንጣ ፈልጌያለሁ። የማስተማር ዘዴ መምህራችን ግን «ይሄ የሆቴል እንግሊዝኛ ነው» ይለኛል። ይሁና! ሰው ይግባባበት ነበር።

እሱን መስመር ነው የምንለው። ሌሰን ፕላን ሲያይ በጣቱ መስመር በመስመር ይከተላል። አንዲት መስመር ከተዘለለች አለቀልህ። በዕድሜ ታናሼ ነው። «እርስዎ» እያለ ነው የሚያዋርደኝ።

የመጨረሻ ዓመታችን ነው። ፎነቲክሱም፣ ሥነ ልቦናውም፣ ሥነ ጽሑፉም አልፏል። የቀረው ማስተማር ነው። መጀመሪያ እርስ በርሳችን፣ ከዚያ እውነተኛ ትምህርት ቤት ገብተን። የመጨረሻዋን የግምገማ ክፍለ ጊዜ ያላለፈ የመምህርነት ምስክር ወረቀት የለውም። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ጥቅምት 9

ተራዬ ደረሰ። እርስ በርስ ማስተማር ማለት አንዱ መምህር ይሆናል፣ ሌሎቻችን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መስለን እንቀመጣለን። ጢሙን ያንዠረገገ ሰውዬ እጁን እያወዛወዘ «ቲቸር! ቲቸር!» ሲል ሳቄን እንዴት እንደቻልኩት...

አጭር ምንባብ መርጬ ነበር። አሳምሬ አነበብኩ። ጠየቅሁ። ዝም። ሌላ ጠየቅሁ። ዝም... ትናንት ለሌላው ሰው እጅ ለማውጣት ሲራኮቱ የነበሩት ምን ነካቸው? አንዷ ጥፍሯን ታያለች። አንዱ ጣራውን። መስመር ጻፈ፣ ጻፈ። «ክፍሉን ማነቃቃት አልቻሉም» አለኝ። ከሁሉም ያነሰ ነጥብ።

ስንወጣ ቀልደኛው ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

«ማዘር፣ ጥያቄሽን ቀድመሽ አልሰጠሽንማ!»

«ምን?»

«ሁሉም እኮ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ጥያቄውንም መልሱንም ያድላል። አንቺ ለእኛ፣ እኛ ላንቺ። እንዴት አታውቂም?»

እንዴት አላውቅም? ወደ ሥራ ስሮጥ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስለማላውቅ ነዋ! እኔ ሞኟ ደግሞ ጎበዝ መስለውኝ እየቀናሁባቸው...

ጥቅምት 10

አልሰጥም። አንድም ጥያቄ።

ኅዳር 14

ሁለተኛ ተራ። አልሰጠሁም። ዝም ሲሉኝ እኔም ዝም አልኳቸው። ዓይን ለዓይን ተፋጠጥን። ቀልደኛው መጀመሪያ ተሸነፈና የሆነ ነገር ቀባጠረ። ስህተት ነበር። ስህተቱን ይዘን ስንጨቃጨቅ ሌሎቹም ገቡበት፤ ከልባቸው፣ ተማሪ መምሰላቸውን ረስተው። መስመር «ጊዜ አባከኑ» አለ። አለፍኩ፣ ለጥቂት። ለጥቂትም ማለፍ ማለፍ ነው።

ጥር 6

እውነተኛው ትምህርት ቤት። የሰጡኝ አስረኛ ክፍል የግቢው ጥግ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው። መስኮቱ ሲዘጋ ይታፈናል፣ ሲከፈት ይሸታል። የክፍሉ መምህር ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው፤ ኮታቸው ሁልጊዜ የነጣ ስለሆነ ተማሪው ጋሽ ጠመኔ ይላቸዋል። ደግ ሰው። ጠረጴዛቸውን ለቀውልኝ ከኋላ ተቀመጡ።

የመጀመሪያ ጥያቄዬን ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ እጅ አወጣ! ደስታዬ... መስኮቱ ጥግ ያለችው ልጅ ከሁሉም በላይ ቀጥ አድርጋ አውጥታለች። ልጠራት ስል ጋሽ ጠመኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዓይናቸው ሌላ ልጅ አመለከቱኝ። እሱን ጠራሁ፣ መለሰ። ሌላም አመለከቱኝ፣ መለሰች።

በእረፍት ሰዓት ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«እህቴ፣ የምትጠሪው ቀኝ እጁን ያወጣውን ነው። ቀኝ እጅ ላወቀ፣ ግራ እጅ ላላወቀ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ክፍሉ ሞቅ ብሎ እንዲታይ ነው።»

«ዛሬ ግን ተቆጣጣሪ የለም እኮ፣ ጋሼ።»

«ለምዶባቸው ነው» አሉና ኮታቸውን አራገፉ።

የመስኮቷ ልጅ ያወጣችው ግራዋን ነበር።

ጥር 7

እራት ላይ ለልጄ እንደ ቀልድ አወራኋት። እሷ አልሳቀችም።

«እኛም ጋ እንደዛ ነው እኮ፣ እማ።»

«አንቺስ የቱን ታወጫለሽ?»

«በሒሳብ ቀኝ።»

«በእንግሊዝኛስ?»

ሳህኗን አንስታ ሄደች።

የእኔ ልጅ! የሰው ልጅ እንግሊዝኛ ላስተምር ከወዲያ ወዲህ ስል፣ የገዛ ልጄ ግራዋን ታወጣለች። «ትምህርት እንዴት ነው?» ስላት «ደህና» ትለኛለች፣ እኔም ደህና ብዬ አልፋለሁ። አንጀቴ አረረ። በእሷ አይደለም። አለማወቋን እጅ አውጥታ እንድትደብቅ ያስተማራትን ሰው ባገኘው...

ጥር 20

የግምገማው ቀን ተቆረጠ። ጋሽ ጠመኔ መከሩኝ። «ለአንድ ቀን ጠንካራውን ሴክሽን እናምጣልሽ። ቀድመን እናለማምዳቸዋለን። ሁሉም እንዲህ ነው ያለፈው።»

ሁሉም? መስመርም?

አለቃዬ ደግሞ «ፈቃድ የምሰጥሽ ለዚህ ሴሚስተር ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ እንዳትለምኚኝ» ብሎኛል። ከወደቅሁ ምን እሆናለሁ? ጠንካራውን ሴክሽን ብቀበል ማን ያውቅብኛል?

እኔ አውቃለሁ። ልጄም ታውቃለች።

ጥር 29

መስመር ከኋላ፣ ጋሽ ጠመኔ አጠገብ። ጠንካራውን ሴክሽን እምቢ ብያለሁ። የራሴው ክፍል፣ ከነሽታው።

ምንባቡ ሳምንቱን ሙሉ ያነበብነው ነው። የሰፈር ሱቅ እሳት ይነሳበታል፣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ባለ ሱቁ ተመልሶ ይገባል፣ ድመቱን ሊያወጣ። «ለምን ተመልሶ ገባ?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ እጅ በእጅ ሆነ። መስመር ፈገግ አለ። ጋሽ ጠመኔ ተነፈሱ።

ያን ጊዜ አልኩት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ከትናንት ጀምሮ ስለማመደው ነበር።

«ዛሬ የምጠራው ግራ እጁን ያወጣውን ብቻ ነው።»

እጆች መውረድ ጀመሩ፣ ቀኙም ግራውም። የመስኮቷ ልጅ ብቻ ረስታ ይሁን ደፍራ እንዳወጣች ቀረች። ጠራኋት። ዴስኩን ይዛ ተነሳች።

በተሰባበረ እንግሊዝኛ «በሩን ሊዘጋ» አለች።

ሳቁባት።

«ለምን ይዘጋል?»

«ሌባ እንዳይገባ።»

«እሳት እየነደደ?»

ዓይኗ ፈጠጠ። እንግሊዝኛውን ተወችውና በራሳችን ቋንቋ «እሳት አለ እንዴ?» አለች።

ሳቁ ሊደገም ሲል አንዱ ከመሃል «ሱቁ ተቃጥሏል እንዴ?» አለ። ከግድግዳው በኩል ሌላዋ «እኔ የተዘረፈ መስሎኝ...» አለች። ቀኝ ካወጡትም ነበሩበት! ጭስ የሚለውን ቃል አያውቁትም። መንደድ የሚለውንም። ሳምንቱን ሙሉ እጅ ሲያወጡ ከርመው ሱቁ መቃጠሉን አልሰሙም። እኔስ? አለማወቃቸውን መች ሰማሁ?

ሌሰን ፕላኔን ዘጋሁት። ከመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ጀመርን። ሰሌዳው ላይ ጭስ ሳልኩ፣ እሳት ሳልኩ፣ በግ የመሰለ ድመት ሳልኩ። ሳቁብኝ፣ አሁን ግን ደስ በሚል ሳቅ። ደወል ሲደወል ባለ ሱቁ ገና መንገድ ላይ ቆሟል። ድመቷ አልወጣችም።

መስመር ደብተሩን ከድኖ ወጣ።

የካቲት 3

«አላለፉም።»

መስመር ወንበር እንኳ አልሰጠኝም።

«ዕቅድዎን ግማሹን አላስተማሩም። ክፍሉ ምንም እንደማያውቅ ነው ያሳዩኝ።»

«አያውቁም እኮ፣ መምህር።»

«የመጡት እሱን ለማሳየት አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ላሳይዎ ነበር?»

እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ።

«እርስዎ ሲገመገሙ የቱን ሴክሽን አመጡልዎ?»

ጆሮው ቀላ። «በሚቀጥለው ሴሚስተር ይደግሙታል» አለ፣ ወረቀቱን እያየ።

«እደግመዋለሁ። ያንኑ ክፍል ይስጡኝ።»

በሩን በቀስታ ነው የዘጋሁት። ደጅ ስደርስ አለቀስኩ። በንዴት። በንዴት ብቻ? ፈርቼም ነው።

የካቲት 4

«ወደቅሽ?» አለችኝ ልጄ።

«ወደቅሁ።»

«ግራ እጅ ጠርተሽ?»

«አዎ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ «ግዴለም፣ ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» አለች። ከተረት ሁሉ መርጣ ጭስ! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

የካቲት 6

አለቃዬ ቃሉን አላጠፈም፣ ፈቃድ የለም። ማንም የማይፈልገውን የሌሊት ፈረቃ ወሰድኩት። ቀን ለክፍሌ ተረፈ። እንቅልፍ? እሱን ጡረታ ስወጣ።

መጋቢት 12

ተመልሼ ገባሁ። ጋሽ ጠመኔ ሲያዩኝ «አንቺ ሴት ልብሽ ከምንድን ነው የተሠራው?» አሉና ጠመኔ ሰጡኝ።

ለክፍሉ ነገርኩት። ግራ እጅ ቀርቷል። ያወቀ ያወጣል፣ ያላወቀም ያወጣል፣ አውጥቶ ግን አላወቅሁም ይላል። አንዱ ጎረምሳ «ቲቸር፣ ግራ ከቀረ ታዲያ ግራ እጃችንን ምን እናድርገው?» አለኝ። «ደብተር ያዝበት» አልኩት።

መጋቢት 26

ማንም አያወጣም። ዛሬም። ግድግዳ ነው የማስተምረው። ጋሽ ጠመኔ ከኋላ «ይብቃሽ» በሚል ዓይን ያዩኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሚያዝያ 21

ሻንጣዬን ለሥራ እያዘጋጀሁ ልጄ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ይዛ መጣች። «እማ፣ ይሄ ገጽ አልገባኝም። ያኛውም። እውነቱን ልንገርሽ... ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አልገባኝም።»

ሥራ አረፈድኩ። አለቃዬ ጮኸ። ይጩህ!

ግንቦት 19

አልፌያለሁ። መጀመሪያ እሱ ይጻፍ። አልፌያለሁ! ከማለፊያ ሁሉ ዝቅተኛው ማለፊያ ነው፣ ግን ምስክር ወረቀቱ «ለጥቂት» ብሎ አይጽፍም።

መስመር ያው ቦታው ተቀመጠ። ምንባቡ አዲስ ነው፣ ማንም አልተለማመደውም። ጠየቅሁ። የወጣው እጅ በጣት የሚቆጠር። የቀሩት ዴስካቸው ላይ አቀርቅረው ያነባሉ፣ እውነት ያነባሉ። መስመር አንገቱን አስግጎ ክፍሉን ቃኘ። ዝምታው ረዘመ። አልሞላሁትም፣ ጠበቅሁ።

መስኮቱ ጋ እጅ ወጣ። ቀኝ እጅ። ያችው ልጅ! መልሱን አገኘችው ብዬ ልቤ ዘለለ። ጠራኋት። ቀጥ ብላ ተነሳች። በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ ገምጋሚው እየሰማ፣ ማንንም ሳትፈራ፣ «ቲቸር፣ አልገባኝም። ድገሚልን» አለች።

ማንም አልሳቀም። ከኋላዋ ሁለት ሦስት ሰው «እኔም» አለ። ደገምኩላቸው። ሁለተኛ ደገምኩ። ከዚያ እጅ መውጣት ጀመረ፣ አንድ አንድ እያለ።

መስመር ሲሄድ የግምገማ ወረቀቱን ሰጠኝ። ድክመት ከሚለው ስር «ተማሪ በግምገማ ሰዓት አልገባኝም ብላለች» ብሎ ጽፎበታል።

ይያዝብኝ።