ጭማቂ እንጂ መድኃኒት አይደለም

ሬሲፌ፣ እሑድ ከሰዓት

ውድ እህቴ ማርሉሲያ፣

ጤናሽን የምጠይቅሽ ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ግን ደስ አያሰኝሽም። የድምፅ መልእክት ልልክልሽ አስቤ ተውኩት። አንቺ የሰው ድምፅ የምትሰሚው አፍጥነሽ ነው፤ ገና ግማሹ ላይ መልስ ትጀምሪያለሽ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ለላክሽብኝ ጥያቄ መልሴ እምቢ ነው።

ሐሙስ ዕለት የላክሽው ካሜራ ያዥ መጥቶ ነበር። ባዶ እጁን ለምን እንደተመለሰ የነገረሽ አይመስለኝም። እኔ ከሥሩ ልንገርሽ፤ በቪዲዮሽ ላይ የመደባችንን ታሪክ ስትተርኪው ሰምቼ የሌላ ሰው ታሪክ መስሎኛልና።

መጀመሪያው ያንቺ ነው፣ አልነፍግሽም። እማማ ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አንቺ አሥራ አምስት። ትምህርትሽን ትተሽ ገበያ ውስጥ የነበራትን የአናናስ መደብ ያዝሽ። አንድ ቀን ጎረቤታችን አትክልት ሻጯ ያልተሸጠላትን ጎመን ጥላልን ሄደች። አንቺ ዘንጉን ገንጥለሽ ጣልሽና ቅጠሉን ከአናናስ፣ ከናና፣ አውራ ጣት ከምታህል ዝንጅብል ጋር መፍጫው ውስጥ ከተትሽው። ዓሣ ሻጩ ዤኒቫል ብርጭቆውን አይቶ፣ «ምንድን ነው ይሄ? የኳስ ሜዳውን አጭደሽ መጣሽ እንዴ?» አለሽ።

«ጠጣው! ለአንድ ቀን እንኳ ዓሣ ዓሣ መሽተት ትተህ ሰው ሰው ሽተት» አልሽው።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ዤኒቫል አፍንጫውን ይዞ ጠጣ፤ ጨርሶ ብርጭቆውን ዘረጋልሽ፣ «ድገሚኝ» ብሎ።

ያኔ ያስተማርሽኝን ዛሬም አልለወጥኩም። ጎመኑ ያን ጠዋት የተቀጠፈ ይሁን። አናናሱ ልክ ከበሰለ ስኳር አትጨምሪበት። ማንጎ ካለ ትንሽ ብቻ፤ ከበዛ ገንፎ ይሆናል። ሎሚው መጨረሻ ላይ። በረዶ አድርገሽ ወዲያው ስጪ፣ ከቆየ ይጠቁራል። ጥሩ ጭማቂ ነው፣ ማርሉ። ሙቀት ይሰብራል። ልጆቻቸው ጎመን አልበላ ያሏቸው እናቶች ይመርቁናል። ይሄ ያልበቃሽ መቼ ነው?

ከሰባት ዓመት በፊት፣ አንድ ጠዋት ስመጣ በቀይ ቀለም «ስኳር በሽታን ያድናል!» ብለሽ የመደባችን ሰሌዳ ላይ ጽፈሻል። «ይሄን ማን ነገረሽ?» አልኩሽ። «ሰው ተስፋ ይገዛል እንጂ ጎመን አይገዛም» አልሽኝ። አሳድገሽኛልና አፌን ያዝኩ።

ዶና ዙልሚራን አትረሻቸውም። እማማ በሞተችበት ዓመት የትምህርት ቤት ልብሴን በነፃ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን ቀስ ብለው አነበቡና፣ «ልጄ፣ ይሄን እየጠጣሁ የስኳሬን መርፌ ባቆመውስ?» ብለው ጠየቁሽ።

«ሰውነት የሚበጀውን ያውቃል፣ ዶና ዙልሚራ። መርፌ እኮ ኬሚካል ነው፤ ይሄ ቅጠል ነው» አልሻቸው።

እኔ አጠገብሽ አናናስ እየላጥኩ ነበር። ቢላዬ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ መላጤን ቀጠልኩ። ይህ ደብዳቤ አንቺን ብቻ የሚከስ ከመሰለሽ ይቺን ደግመሽ አንብቢያት፦ ሰምቼ ዝም አልኩ።

ያለ መርፌ፣ በቀን ሦስት ብርጭቆ፣ ያውም አናናስ የሞላበት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጃቸው ኤዲሌውዛ ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀው አገኘቻቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እግራቸው ግን ቆስሎ መርዞ ስለነበር ሐኪሞቹ ከጉልበት በታች ቆረጡት። «ሄደን እንጠይቃቸው» ስልሽ፣ «በግድ አፋቸው ውስጥ አላፈሰስኩት» አልሽኝ። በወሩ ሻንጣሽን ይዘሽ ሳኦ ፓውሎ ገባሽ። አውቶቡስሽ ሳይርቅ ሰሌዳውን በነጭ ቀለም ደፈንኩት።

አሁን ጎመኑን አድርቀሽ፣ ፈጭተሽ፣ በቆርቆሮ እያሸግሽ «መርፌ ደህና ሰንብት» እያልሽ ትሸጫለሽ። ይባስ ብለሽ እንዲህ የሚል የድምፅ መልእክት ላክሽልኝ፦ «ዣሲ፣ ዶና ዙልሚራ መደባችን ጋ ተቀምጠው አንድ ብርጭቆ ሲጠጡ ብቻ ይቀረጹልኝ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ በሕይወት አሉ፣ አይደል? ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?» አራት ጊዜ ሰማሁት። ድምፅሽ ውስጥ ትንሽ ሐፍረት ፈልጌ ነበር። አጣሁ።

ለዶና ዙልሚራ ሄጄ ነገርኳቸው። «እመጣለሁ» አሉኝ። ልመልሳቸው ብሞክር፣ «አንቺ ልጅ፣ እግሬን እንጂ ምላሴን አልቆረጡትም» አሉ።

ሐሙስ በተሽከርካሪ ወንበራቸው መጡ፤ ጉትቻቸውን አድርገዋል፣ ከንፈራቸውን ተቀብተዋል። ካሜራ ያዡ ደስ አለው።

«ዶና፣ እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ። ጭማቂው ምን አደረገልዎት?»

«ይጣፍጣል።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምንም።» ከዚያ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡት። «አሁን ካሜራህን ዝቅ አድርገው። ፊቴን ተወው፣ እሱ እርጅና ነው። እዚህ ጋ አንሳ።»

ሰውየው ላብ አጠመቀው። «ይሄንን ለማርሉሲያ ልልክላት አልችልም» አለ።

«ለምን? በልጅነቷ ለመጀመሪያ ቁርባኗ የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ ስለካላት በሁለት እግሬ ቆሜ ነበር። ይህን ንገራት።»

ዤኒቫል እንኳ ቢላውን አስቀመጠ። ሰውየው ዕቃውን ሲሰበስብ እሳቸው ወደኔ ዞሩ። «ዣሲራ፣ ያን ቀን አንቺም ሰምተሽ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ። ሰምቼ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እስክትናገሪው ነው የጠበቅኩሽ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም። ግን ከዚያች ደቂቃ ወዲህ የማልፈራሽ ሰው ሆኛለሁ።

ኤዲሌውዛ በዱቄትሽ ላይ ክስ መሥርታለች። ማክሰኞ ጠዋት ምስክር ሆኜ እቀርባለሁ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ፤ ፈቃድሽን እየጠየቅኩ አይደለም። አክስታችን ደውላ፣ «እህት በእህቷ ላይ? ያሳደገችሽን?» አለችኝ። አዎ፣ ያሳደገችኝን። ለእኔ ስትይ የተውሽውን ትምህርት፣ ሳትበዪ ያበላሽኝን ቀን አልክድም፤ እዚያም ቢጠይቁኝ እናገረዋለሁ። ውለታ ግን አፍ መለጎሚያ አይደለም። ሰባት ዓመት ለጉመሽኛል፤ ይበቃል።

መደቡንም አልዘጋም። ጠበቃሽ በስምሽ ነው ብሎ ቢመጣ፣ ሣጥኔን ገልብጬ መንገዱ ላይ እሸጣለሁ። ትናንት አንድ እንግዳ ሰው ብርጭቆውን እያየ፣ «ይሄ ምን ያድናል?» አለኝ። «ጥም» አልኩት። ስቆ ጠጣው።

አንድ ቀን ብቻሽን፣ ያለ ካሜራ ብትመጪ በሬ ክፍት ነው። ግን እኔ ጋ ከመድረስሽ በፊት ዶና ዙልሚራ ቤት ግቢ። ሳኦ ፓውሎ በዚህ ወር ይበርዳል ይላሉ፤ ደረትሽን ሸፍኚ።

ማክሰኞ ቃሌን ስሰጥ ሙሉ ስምሽን እናገራለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን የራሴን።

እህትሽ፣
ዣሲራ