ሠላሳ አራት ዓመት የሆነው ሽማግሌ

እትዬ ዘውዴ፣ ሰላማዊት ልታገባ ነው። ከትናንት ወዲያ እሑድ አባቷ በገዛ አፉ እሺ አለ። አልነግርሽም እንዴት ያለ እሺ እንደሆነ፤ አንድ ወር ሙሉ አንጀቴን አሳርሮ፣ ጎረቤት አስታርቆን፣ በመጨረሻ የወጣ እሺ ነው። ግን ወጣ።

ይኸው ሰላምታውን ዘልዬ ዘው አልኩብሽ፤ ወሬ ሲሞላብኝ እንዲህ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። ለመሆኑ እንዴት ሰንብተሻል፣ እህት ዓለሜ? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የኮምቦልቻ ሙቀት ለሱ ይሻላል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ሁሴንስ እንዴት ከርሟል? ረመዳኑን እየጾመ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናው ላይ ማጎንበሱ አልከበደውም? ኩልሱም ማስተማሩን ለመደችው? ትንሿ አስያስ መሄድ ጀመረች ወይስ አሁንም በእናቷ ጀርባ ናት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጤናችን ደኅና ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጀምሮናል፣ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደርቃል፤ ከሱ በቀር የሚያመኝ የሰው ምላስ ብቻ ነው።

ሰላማዊት ወደ ጴንጤዎቹ ቸርች መሄድ ከጀመረች ሦስት ዓመት እንዳለፋት ነግሬሽ ነበር። ያኔ አልቅሼ ወጥቶልኛል። ልጁንም እዚያው ነው ያገኘችው፤ ኋላ ደግሞ ጉርድ ሾላ እሷ በምትሠራበት ቢሮ ንድፍ ሠሪ ሆኖ ተቀጠረ። ዋቅቶላ ይባላል፣ የነቀምቴ ሰው ነው። ረጋ ያለ፣ ሰው ሲናገር የሚያዳምጥ ልጅ ነው። እኔ ከእናት ጆሮ ምን ያመልጣል፣ ከጀመሩት ጊዜ አንስቶ አውቃለሁ። ለአባቷ ግን ማን ይንገረው? በመስከረም መጨረሻ ላይ እሷው ራሷ “አባዬ፣ ሽማግሌ ሊልኩ ነው” አለችው። ባሌ ዓምደ ሚካኤል ሦስት ቀን ራቱን ብቻውን በላ። በአራተኛው ቀን “ወጉን ካወቁ ይምጡ፣ እናያለን” አለ። እኔ ይህቺን ቃል ይዤ ደስ አለኝ። ወይ ሞኝነቴ።

በእኛ ቤት ሽማግሌ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አይነገርሽም። እኔን ሊጠይቁ የመጡ ጊዜ ሦስቱም ሽበታም፣ ሦስቱም ጋቢ ለባሽ፣ አባባ ከእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ እስኪመለስ ድረስ በረቱ አጠገብ ቆመው ጠበቁት። ከመጣም በኋላ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ፀሐይ እስኪበረታ ቆሙ። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ከጓዳ ሆኜ የማየው እግራቸውን ብቻ ነበር። ማን እንደሚያገባኝ ያወቅሁት ተቀመጡ ከተባሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጥቅምት ስምንት እሑድ ሆነ። ዓምደ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ የዕድራችንን ዳኛ ጋሽ ዱቤን ከጎኑ አስቀምጦ እውስጥ ይጠብቃል። ጋሽ ዱቤ ማለት እኛ እዚህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስንገባ ጀምሮ ጎረቤታችን የሆኑት፣ እስላም ናቸው፣ የሰፈሩ ሙግት ሁሉ በሳቸው ነው የሚያልቀው። እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ከረባት ያሰሩ፣ ፋይል የያዙ ሦስት ጎልማሶች። ክፍለ ከተማ የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ ቤት መዝጋቢና ግቢ ለኪ ከደጃችን ጠፍቶ አያውቅም። እነሱ ናቸው ብዬ “ግቡ ልጆቼ፣ ተቀመጡ፣ ካርታው አለ” አልኳቸው። ተቀመጡ። ጓዳ ገብቼ የቤቱን ካርታ ከነላስቲኩ አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁላቸው።

ሲሞን የሚባለው፣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፣ ካርታውን አየት አደረገና “እትዬ፣ እኛ እንኳን የመጣነው ለሰላማዊት ነው” አለኝ።

በዚህ መሀል ዓምደ ሚካኤል ብቅ አለ። “ሽማግሌዎቹ የታሉ?” አለ። ሲሞን ተነሥቶ እጅ ነሣና “እኛ ነን፣ አባታችን” አለው። “እናንተማ መጣችሁ፣ ሽማግሌዎቹን ነው የምጠይቅህ” አለው። “እኔ ሽማግሌ ነኝ።” “ስንት ዓመትህ ነው?” “ሠላሳ አራት።” እትዬ ዘውዴ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለካ በእነሱ ቸርች ሽማግሌ ማለት ሹመት ነው። ምእመናኑ መርጠው፣ እጅ ጭነው የሚሾሙት ነው፤ ፂም ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ የለም። ዋቅቶላ ደግሞ ወላጆቹ ሩቅ ናቸውና ሽማግሌ ላክ ሲባል ያሉትን ሽማግሌዎች ላከ። ሰላማዊትም የኛ ሽማግሌና የነሱ ሽማግሌ አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር መሆኑ አልታያትም። ማንም አላጠፋም፣ ግን ሁሉም አጠፋ።

የባሰው ገና ነው። ሲሞን አስቀድመን እንጸልይ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዓምደ ሚካኤል ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ያያል፤ ጋሽ ዱቤ ጨዋ ናቸውና እጃቸውን ዘርግተው በልባቸው የራሳቸውን ያደርሳሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጠላ ባቀርብ አንጠጣም። ከዚያ ፋይሉ ተከፈተና የዋቅቶላ የደም ምርመራ ወረቀት ወጣ። ሲሞን በትሕትና፣ ቸርቻችን ሁለቱም ሳይመረመሩ አታጋባም፣ የሰላማዊትንም በሚቀጥለው ሳምንት እናደርሳለን አለ። ዓምደ ሚካኤል ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና “እኔ ሽማግሌ ይላክ አልኩ እንጂ የኳስ ቡድን ከነሐኪሙ ይላክ አላልኩም። ሽማግሌ አልመጣልኝም፣ ስለዚህ እሺም እምቢም የለኝም” ብሎ ወጣ። ሲወጣ ደግሞ ለእኔ አስቀርቶልኛል፤ “አንቺም ተቀመጡ ብለሽ ልጅሽን በወንበር ሰጥተሻል።”

እኔ በዚህ ነው የተቃጠልኩት። ልጁን አላማው፤ ሥራውን አላማው፤ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም። የጠየቁት ሌሎች ናቸው፤ የሚጠይቁትን ብትሰሚ። የባሌ እህት የሺሃረግ እንደሰማች እየሮጠች መጥታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ብሔሩን ነው። ድሮ እኮ የሰው አገሩን ይጠይቁ ነበር። የዕድር ሴቶች ደግሞ ቤት አለው ወይ፣ መኪና አለው ወይ። ቸርቾቹ ደሙን። አባባ አጥንት ይቆጥር ነበር። ዘመን ተለወጠ ይሉኛል፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው እንጂ ጠያቂው እዚያው ቁጭ ብሏል። ደሙን መጠየቃቸው ግን ሳስበው አላስከፋኝም፤ በዚህ ሁለት ዓመት ከሰፈራችን ስንት ሙሽራ እንደቀበርን እኔ አውቃለሁ። እኛን ያኔ እንዲህ የጠየቀልን ማን ነበር?

አሁን የምጽፍልሽን ነገር ሳልነግርሽ ብቀር አይሆንልኝም። በዚያው ሳምንት ሰላማዊት “አባዬ እምቢ ካለ ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነው፣ ሕጉም ይፈቅድልኛል፣ እንፈራረማለን” አለች። እኔ ደነገጥኩ። ያለ አባት ምርቃት ከቤት የወጣች ልጅ ምን እንደምትመስል አይቻለሁ ብዬ አሰብኩና፣ “እንደ አክስትሽ እንደ ዘውድነሽ ልትሆኚ ነው?” አልኳት።  ልጄ ቀና ብላ፣ “አክስቴ ዘውድነሽ ምን ሆነች፣ እማዬ?” አለችኝ።

እትዬ፣ ምን ሆነች ልበላት? ከሁሴን ጋር ሠላሳ ዓመት ኖረች፣ ወለደች፣ ልጆቿን አስተማረች፣ ዛሬም ባሏ ስሟን ሲጠራ ድምፁ ይለሰልሳል። ሆነች የሚባል ነገር ካለ እኛ ያደረግንሽ ነው። አባባ ስምሽ እንዳይጠራ ሲል አፋችንን የዘጋን እኛ ነን። ሲሞት እንኳ የላክንብሽ ከሰልስቱ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቅሁ የራሴን ልጅ በአንቺ ስም አስፈራራሁ፤ አያ ጅቦ እንደሚባለው አደረግሁሽ። ይቅር በይኝ። ፊት ለፊት እስክልሽ ድረስ በጽሑፍ ተቀበይኝ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ጉርድ ሾላ ወርጄ ዋቅቶላን ከቢሮው አስጠራሁትና፣ “ልጄ፣ ሽበት ያለው ሰው ፈልግ” አልኩት። አንገቱን ደፍቶ “እማማ፣ አባቴ እግሩ አይራመድም፣ ከነቀምቴ ማን ይመጣልኛል? እዚህ ያሉኝ ትልልቅ ሰዎች እነሲሞን ናቸው” አለኝ። እውነቱን ነው። ስመለስ በቀጥታ ጋሽ ዱቤ ዘንድ ገባሁና አለቀስኩባቸው። ሰምተው ሲያበቁ ፂማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና “ሽበት ከሆነ የጠፋው የኔ ምን ይሠራል?” አሉኝ። “እርስዎ እኮ በእኛ ወገን ነው የተቀመጡት” ብላቸው፣ “እንግዲያው ተነሥቼ በነሱ ወገን እቆማለሁ” አሉ።

ከትናንት ወዲያ እሑድ በሩ ሲንኳኳ ከፊት ጋሽ ዱቤ፣ ከኋላቸው እነዚያው ሦስቱ። ከረባት የለም፤ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ሦስቱም ጋቢ ለብሰዋል፤ የሲሞን ከወደ ታች ይጎተታል። እኔ በዚህ ጊዜ ከንፈሬን ነክሼ ዝም። ጋሽ ዱቤ በዘንጋቸው መሬቱን ጠቅ አድርገው፣ “ዓምደ ሚካኤል፣ ልጅህን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ። ዓምደ ሚካኤል አንድ እሳቸውን፣ አንድ ልጆቹን ያያል። “ጋሽ ዱቤ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የጴንጤ ሽማግሌ የሆኑት?” አለ። “ዛሬ ጠዋት ተሾምኩ” አሉት።

ቆሙ። እሱም አቆማቸው፤ ሲያጣራ፣ ሲጠይቅ፣ ሲያስል። በመጨረሻ የያዘውን አወጣው፤ “በእኛ ቤት ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የልጁን ዘር ቁጠሩልኝ” አለ። እኔ እዚህ ላይ አለቀልን ብዬ ነበር። ሲሞን ከጋቢው ሥር ወረቀት አወጣ፤ ዋቅቶላ ራሱ ጽፎ የሰጠው ነው። ዋቅቶላ፣ አባቱ፣ አያቱ እያለ ማንበብ ጀመረ። ሰባት አለፈ። አሥር አለፈ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ዓምደ ሚካኤል እጁን አነሣ፣ በቃ። በዋቅቶላ አገር እኮ ይህን ልጅ በልጅነቱ በቃሉ ያጠናዋል።

ጋሽ ዱቤ የዋዛ አይደሉም፤ “አሁን ደግሞ ተራው የሴት ወገን ነው” አሉ። ዓምደ ሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። አባቱን አለ፣ አያቱን አለ፣ ቅድመ አያቱን አለ። አራተኛውን አስቦ አስቦ ተናገረው። አምስተኛው ላይ ቆመ። ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል፣ እኔ የሱን ከየት አባቴ ላምጣለት? ጋሽ ዱቤ፣ “ዓምደ ሚካኤል፣ እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ጉልበቴም ሪህ አለበት። ቀሪዎቹን ሦስቱን ከሠርጉ በኋላ ትነግረናለህ” አሉት። ባሌ አንገቱን አቀረቀረ፤ ተቆጣ ስል ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ እየሳቀ ኖሯል። “ተቀመጡ” አለ።

ይኸው እሺው ይህ ነው። ሁሉም ነገር አማረ ብዬ እንዳልዋሽሽ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁለት ቀናት ጭቅጭቅ ናቸው። የንስሐ አባታችን ቅር ብሏቸው ሳይቀመጡ ሄዱ። የሺሃረግ አልመጣም ብላለች፣ እሷ ባትመጣ ድንኳኑ አይፈርስም። ቃል ኪዳኑ በእነሱ ቸርች ነው፤ ዓምደ ሚካኤል እስከ በሩ እሸኛታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አትጠይቁኝ ብሏል። እኔ ግን እገባለሁ። እዚያ ገብቼ ምን እንደምሆን አላውቅም፣ ልጄን ብቻዋን አላቆማትም። ምሳው ከእኛው ግቢ፣ በዕድሩ ድንኳን ነው። ጠላ ጠጪው ከማይጠጣው ጋር እንዴት እንደሚቀመጥ ገና ስንከራከር ነን።

እናንተን በሚመለከት ግን ክርክር የለም። የእስላሙን ከብት ጋሽ ዱቤ ራሳቸው ባርከው ያርዳሉ፤ ድስቱም ወጥ ሠሪዋም ለብቻ ነው። ዓምደ ሚካኤል፣ “ሁሴንን ከእኔ ቀጥሎ ነው የማስቀምጠው፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት” ብሎኛል፤ ይኸው ጻፍኩ። ሰላማዊትም ከአባቴ ቀጥሎ የምስመው የአክስቴን ጉልበት ነው ብላለች። ሳትመጪ ብትቀሪ ይህቺ ልጅ ጎንበስ ብላ የማንን ትሳም?

ለሁሴን ሰላምታዬን በአክብሮት አድርሺልኝ፣ ለዒዱ በሰላም ያድርሰው በይው። ኩልሱምን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፣ የትምህርት ቤት ፈቃዷን ከአሁኑ ትጠይቅ። አስያን እኔ ራሴ ነኝ የምስማት፣ አትሳሚልኝ። ዓምደ ሚካኤልና ሰላማዊት እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሻል፣ ጋሽ ዱቤም እንዲሁ።

ከአውቶቡሱ ላምበረት ላይ ውረዱ፣ ዋቅቶላ ቆሞ ይጠብቃችኋል። የአረፋ በዓል ሳምንት ይቀረዋል፣ ቤታችሁ ትደርሳላችሁ፣ ስለዚህ ሰበብ የላችሁም። ሁላችሁም፣ አንድ ሰው ሳይቀር፤ እሑድ ጥር 16 ቀን።

እህትሽ በለጡ
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 8 ቀን 1996 ዓ.ም.